ጆን ፖስቴል፦ የኢንተርኔትን መዝገብ የያዘው ሰው

መግቢያ

ወደ ዋናው ርዕስ ከመግባቴ በፊት አንድ ላብ ውስጥ ያጋጠመንን ነገር ላጫውታችሁ። ባለፈው ሴሚስተር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለፕሮጀክታችን የሚሆን የሊኑክስ ሰርቨር እያዘጋጀን ነበር። ማሽኑ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጋር በደንብ ይገናኛል። የዳታቤዙን ሰርቨር ግን በስሙ ስንጠራው መልስ የለም። በቁጥር አድራሻው ስንጠራው ደግሞ ወዲያው ይመልሳል። ኬብል ቀየርን፣ ስዊቹን አጥፍተን አበራን፣ የዲ.ኤን.ኤስ. ሰርቨሩን ፈተሽን፤ ሁሉም ደህና ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ደከምን።

በመጨረሻ አንደኛው ጓደኛችን «ሆስትስ» የሚባለውን ፋይል ከፈተው። እዚያ ውስጥ ከእኛ በፊት ማሽኑን የተጠቀመ ሰው የጻፋት አንዲት መስመር አለች። የዳታቤዙ ሰርቨር ስም ከድሮ አድራሻው ጋር ተቀምጧል። ሊኑክስ ደግሞ ስም ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ፋይል ነው፤ እዚያ ካገኘ ዲ.ኤን.ኤስ.ን አይጠይቅም። መስመሯን ማን ጻፋት? መቼ? ለምን? አጠገቧ አንድ ቃል ማስታወሻ የለም። ሰረዝናት፣ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ።

ታዲያ በዚያ ቀን ማታ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ። በአንድ ላብ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ሦስት ሰው ሁለት ቀን ካደከመች፣ የዓለምን ኮምፒውተሮች ስምና ቁጥር የሚይዘውን መዝገብ ማን ነው ሲጠብቀው የኖረው? ኢሜይል ፖርት 25 ላይ ነው ያለው ማን ነው? 127.0.0.1 ማለት «እኔው ራሴ» ማለት ነው ብሎ የወሰነውስ? ሳነብ ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ስም ሆነ፦ ጆን ፖስቴል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል። መልካም ንባብ!

ልጅነትና ትምህርት

ጆናታን ብሩስ ፖስቴል ነሐሴ 6 ቀን 1943 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ አልታዲና በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው በሎስ አንጀለስ አካባቢ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ቫን ናይስ በሚባል ትምህርት ቤት ተከታትሏል። የሚገርመው ነገር ኋላ ላይ በኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ ስማቸው የገነነው ቪንተን ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም የተማሩት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ፖስቴልን ከሁለቱ ጋር ያገናኘው ግን ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነበር።

ፖስቴል በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በሚባለው፣ በምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1966፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በ1968 አገኘ። ዶክትሬቱን ደግሞ እዚያው በኮምፒውተር ሳይንስ በ1974 ተቀበለ። የመመረቂያ ጥናቱም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ማለትም ፕሮቶኮልን፣ በግራፍ ሞዴል ስለመተንተን ነበር።

እሱ ተማሪ በነበረበት ጊዜ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ኤጀንሲ አርፓኔት የተባለውን ኔትወርክ ለመዘርጋት ገንዘብ መድቦ ነበር። የመጀመሪያው ጣቢያ የሆነው ፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ ይመሩት የነበረው የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ላብራቶሪ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ከዚህ ላብራቶሪ ወደ ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ገና ሁለት ፊደል እንዳለፈ የወዲያኛው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። እኛ ላብ ውስጥ አልሠራ ሲለን ስንበሳጭ ይቺን ታሪክ ማስታወስ ደግ ነው! በዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ከነበሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንዱ ፖስቴል ነበር።

ደብተር ያዡ ተማሪ

ተማሪዎቹ ኮምፒውተሮቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ መወሰን ነበረባቸው። ነገር ግን የወሰነላቸው አለቃ አልነበረም። ስለዚህ ስቲቭ ክሮከር ሚያዝያ 7 ቀን 1969 ሐሳባቸውን የሚያሰፍር ማስታወሻ ጻፈ፤ ትእዛዝ እንዳይመስልም «አስተያየት መጠየቂያ» የሚል ስም ሰጠው። ዛሬ ሁላችንም አር.ኤፍ.ሲ. የምንለው ሰነድ ቁጥር 1 ይህ ነው። እነዚህን ማስታወሻዎች የሚያርም፣ ቁጥር የሚሰጥና የሚያስቀምጥ ሰው ሲያስፈልግ ሥራውን የወሰደው ፖስቴል ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ፣ ወደ 28 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ከእጁ አልወጣም። ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ራሱ ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ጽፏቸዋል።

ሌላም ሥራ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ብዙ አገልግሎት ሲኖር፣ የመጣው መልእክት ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚለየው በቁጥር ነው። ያኔ «ሶኬት» ይሉት ነበር፤ ዛሬ ፖርት እንለዋለን። አንዱ ፋይል ማስተላለፊያውን በአንድ ቁጥር፣ ሌላው በሌላ ቁጥር ቢያደርገው መገናኘት አይቻልም። በግንቦት 1972 ፖስቴል አር.ኤፍ.ሲ. 349 በተባለው አጭር ጽሑፍ፣ ቁጥሮቹን የሚያድል አንድ ሰው ይኑር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያ ሰው ምናልባት እኔ ብሆንስ የሚል ነገርም ጣል አደረገበት። የተቃወመ አልነበረም። እንዲህ እንደዋዛ የተጀመረው ሥራ በ1980ዎቹ መጨረሻ «የኢንተርኔት ቁጥሮች አዳይ ባለሥልጣን» የሚል ትልቅ ስም ወጣለት፤ አያና እየተባለ ይጠራል። ባለሥልጣን ሲባል ሕንፃና ጥበቃ ያለው መሥሪያ ቤት እንዳይመስላችሁ። ለብዙ ጊዜ ፖስቴልና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ።

ከባልደረቦቹ መካከል ጆይስ ሬይኖልድስ ሳትጠቀስ መታለፍ የለባትም። የቁጥሮቹን ዝርዝር ለረጅም ዓመታት ከእሱ ጋር ያዘጋጀችው እሷ ናት። በኅዳር 1986 ሁለቱ ያወጡት ዝርዝር፣ በ127 የሚጀምረው አድራሻ ሁሉ ከማሽኑ ሳይወጣ ወደ ራሱ እንዲመለስ ደንግጓል። እያንዳንዳችን ሰርቨር ስንጭን «ሆስትስ» ፋይል አናት ላይ የምናያት 127.0.0.1 ከዚያ የመጣች ናት። እንደዚሁም «ሰርቪስስ» የሚባለውን ፋይል ብትከፍቱ 21 ለፋይል ማስተላለፊያ፣ 23 ለቴልኔት፣ 25 ለኢሜይል፣ 53 ለዲ.ኤን.ኤስ. ተብሎ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የዝርዝሩ ምንጭ የእነ ፖስቴል መዝገብ ነው።

አሠራራቸው ምን ያህል ቀላል እንደነበረ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሐምሌ 1995 ታቱ ዩሎነን የተባለ የፊንላንድ ተመራማሪ፣ የይለፍ ቃል እንዳይሰረቅ የሚከላከል አዲስ ፕሮግራም ሠራ። በቴልኔትና በፋይል ማስተላለፊያው መካከል ያለችው 22 ባዶ መሆኗን አየና ለአያና ኢሜይል ላከ። በማግስቱ ከጆይስ ሬይኖልድስ መልስ መጣለት፤ 22 ተሰጠው። ኤስ.ኤስ.ኤች. ብለን በየቀኑ ወደ ሰርቨር የምንገባበት በር እንዲህ ነው የተከፈተው። ማመልከቻ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ነገ ተመለስ የለ!

አድራሻና በር

ፖስቴል ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.ን ከለቀቀ በኋላ ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩትን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ሠርቶ፣ በመጋቢት 1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ኢንስቲትዩት ገባ። ቢሮው ማሪና ዴል ሬይ በምትባል የባሕር ዳር ሰፈር ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው ቆየ።

በገባበት ዓመት ነሐሴ ወር አንድ ጠቃሚ አስተያየት ጻፈ። በዚያን ጊዜ ቲ.ሲ.ፒ. የሚባለው ፕሮቶኮል ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር፤ መልእክቱን ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ያሻግራል፣ ከዳር እስከ ዳር በትክክል መድረሱንም ያረጋግጣል። ፖስቴል ይህ ስሕተት ነው፣ ሁለቱ መለየት አለባቸው ብሎ ተከራከረ። እነ ቪንተን ሰርፍም ወደዚያው ሐሳብ መጡና አይ.ፒ. ለብቻው ወጣ። ዛሬ ሰርቨር ላይ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ በአንድ ፋይል፣ የአገልግሎቱን ፖርት ደግሞ በሌላ ፋይል የምንጽፈው ከዚህ ክፍፍል የተነሣ ነው። አይ.ፒ. ቤቱን ያገኛል፤ ፖርት ደግሞ የትኛውን በር እንደምናንኳኳ ይነግረናል።

በመስከረም 1981 የአይ.ፒ.ና የቲ.ሲ.ፒ. ዋና ሰነዶች፣ አር.ኤፍ.ሲ. 791 እና 793፣ በእሱ አዘጋጅነት ወጡ። በነሐሴ 1982 ደግሞ ኢሜይል የሚላክበትን ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ራሱ ጽፎ አቀረበ። ፕሮቶኮል ለሚሠሩ ሰዎች የተወው ምክርም በሰፊው ይታወቃል። ፍሬ ነገሩ፣ ስትልክ ደንቡን አጥብቀህ ጠብቅ፣ ስትቀበል ግን የሌላውን ትንሽ ግድፈት ታገሥ የሚል ነው። ይህ ምክር የተለያዩ ማሽኖች እንዲግባቡ ትልቅ ውለታ ውሏል። በሌላ በኩል የሚተቹትም አሉ። በ2023 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9413፣ ስሕተትን ዝም ብሎ መታገሥ ስሕተቱ ሥር እንዲሰድ ያደርጋል የሚል ክርክር ያነሣል። የእኛን ላብ ሳስታውስ ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው ባይ ነኝ።

አዲሱ ፕሮቶኮል ሲጻፍ ያስቸገረው ነገር ሰው ወደሱ አልሄድ ማለቱ ነው። አሮጌው ኤን.ሲ.ፒ. እየሠራ ማን ይደክማል? ፖስቴል በኅዳር 1981 የሽግግሩን ዕቅድ አወጣ፤ ከጥር 1 ቀን 1983 ጀምሮ አሮጌው ይቀራል አለ። ብዙዎች አላመኑም። ስለዚህ በ1982 አጋማሽ አሮጌውን ፕሮቶኮል ለአንድ ቀን ዘጉባቸው፤ በዚያው ዓመት መኸር ላይ ደግሞ ለሁለት ቀን ደገሙት። ጩኸቱ ብዙ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ለውጡ ተካሄደ፤ ከሽግግሩ በሕይወት ተረፍኩ የሚል ቁልፍ ደረታቸው ላይ የለጠፉ ሰዎችም ነበሩ።

እዚህ ላይ ለእኛ የምትቀርብ አንዲት ነገር ልጨምር። በየድርጅቱና በየካምፓሱ የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ በ10 ሲጀምር አይታችኋል አይደል? 10 የአርፓኔት የራሱ ቁጥር ነበረች። አርፓኔት በ1990 ሲዘጋ ቁጥሯ ባዶ ቀረችና ማንም በግሉ እንዲጠቀምባት ተፈቀደ። ስለዚህ ላብ ውስጥ በ10 የሚጀምር አድራሻ ስንጽፍ የመጀመሪያውን ኔትወርክ አሮጌ ቁጥር እየተጠቀምን ነው ማለት ነው።

ከአንድ ፋይል ወደ ዲ.ኤን.ኤስ.

መግቢያው ላይ ወዳነሣኋት ፋይል ልመለስ። በአርፓኔት ዘመን ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው አንድ «ሆስትስ» ፋይል ነበር። የሚያዘው ሜንሎ ፓርክ፣ በስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት የመረጃ ማዕከል ነው፤ ማዕከሉን የምትመራው ኤልሳቤጥ ፋይንለር ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር የተከለ ሰው በሥራ ሰዓት ለማዕከሉ ያሳውቃል፣ እነሱ ፋይሉ ላይ ይጽፉታል፣ ከዚያ ሁሉም እየመጣ ይገለብጣል። በነሐሴ 1981 ማሽኖቹ 213 ስለነበሩ ነገሩ የሚቻል ነበር። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ግን ፋይሉ እያበጠ፣ ቅጂዎቹም እያረጁ መጡ። የእኛ ላብ ችግር በዓለም ደረጃ መጣ ማለት ነው፤ አንዱ ማሽን የዛሬውን፣ ሌላው የዛሬ ሳምንቱን ዝርዝር ይዞ ይቀራል።

ፖስቴል መፍትሔ እንዲፈልግ ሥራውን ለባልደረባው ለፖል ሞካፔትሪስ ሰጠው። መጀመሪያ የታሰበው የቀረቡትን ሐሳቦች አስታርቆ አንድ እንዲያወጣ ነበር። ሞካፔትሪስ ግን የራሱን አዲስ ንድፍ ይዞ መጣ። በኅዳር 1983 የዲ.ኤን.ኤስ. የመጀመሪያ ሰነዶች ወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ሁሉን ከሚጽፍ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ይጻፍ፣ ከላይ ያለው ደግሞ ወደ ታች ያለውን ያመልክት። ሰርቨራችን ላይ «ሪዞልቭ» በሚለው ፋይል የምንጽፋት የስም ሰርቨር አድራሻ የዚህ ሰንሰለት መነሻ ናት። በጥቅምት 1984 ፖስቴልና ሬይኖልድስ አናት ላይ የሚቀመጡትን ስሞች ዘረዘሩ፦ ኮም፣ ኢ.ዲ.ዩ.፣ ጎቭ፣ ሚል፣ ኦርግ፤ እንዲሁም ለየአገሩ ሁለት ሁለት ፊደል።

የአገሮቹ ነገር ቀላል ጥያቄ አልነበረም። አገር የትኛው ነው? ይህን የሚወስን ሰው ከፖለቲካ አያመልጥም። ፖስቴል በመጋቢት 1994 ባወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 1591፣ አገር የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የአያና ሥራ እንዳልሆነ ግልጽ አደረገ። ዝርዝሩን ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ካወጣው የአገሮች መለያ፣ ከአይሶ 3166፣ ወሰደ። ስሙን የሚረከበው አካልም ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ነው፤ ለአገሩም ለዓለሙም ማኅበረሰብ ሊያገለግል ይገባል የሚል መርሕ አኖረ።

በዚህ መዝገብ ውስጥ እኛም አለን። የኢትዮጵያ የሁለት ፊደል ስም፣ ኢ.ቲ.፣ የተመዘገበው ጥቅምት 15 ቀን 1995 ነው። በአገራችን ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የተጀመረው ግን በ1997 ነው። ማለትም አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ፣ ስማችን ማሪና ዴል ሬይ ባለው መዝገብ ላይ ቦታ ተይዞለት ነበር። ያኔ ማንም የሚከፍል፣ ማንም የሚጫረት አልነበረም። መዝገቡን የያዘው ሰው ለሁሉም አገር እኩል ደንብ አስቀመጠ፤ ተራችን ሲደርስ ስማችን አልተነጠቀም።

የጥር 1998ቱ መስመር

ፖስቴል ረጅም ጢም ያሳደገ፣ ጠጉሩን ወደ ኋላ የሚያስር፣ ሰንደል ጫማ የሚያዘወትር፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። ዕረፍት ሲያገኝ ቦርሳውን አዝሎ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በእግሩ መጓዝ ይወዳል። ዘመኑ ግን እንደሱ ጸጥ ያለ አልነበረም። ከ1993 ጀምሮ የኮም ስሞችን የመመዝገብ ሥራ ኔትወርክ ሶሉሽንስ በተባለ ኩባንያ እጅ ነበር። በመስከረም 1995 ኩባንያው ለአንድ ስም በዓመት 50 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ትናንት በነጻ የነበረው መዝገብ ዛሬ ትልቅ ገበያ ሆነ። ፖስቴል ሌሎች መዝጋቢዎችም እንዲኖሩ ይፈልግ ነበርና በ1996 መጨረሻ አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገ። ኮሚቴው ሰባት አዳዲስ ስሞች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ሐሳቡን አልወደደውም፤ የራሱን ዕቅድ ማዘጋጀት ያዘ።

በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ 13 ሥር ሰርቨሮች ነበሩ። አንደኛው፣ «ኤ» የሚባለው፣ በኔትወርክ ሶሉሽንስ እጅ ሲሆን የቀሩት 12ቱ የስሞቹን ዋና ፋይል ከእሱ ይገለብጡ ነበር። ጥር 28 ቀን 1998 ፖስቴል ከ12ቱ ለ8ቱ አስተዳዳሪዎች ኢሜይል ላከ። የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው። ፋይሉን ከ«ኤ» መውሰዱን ትተው እሱ ካዘጋጀው ሰርቨር እንዲወስዱ። በሥራ ቋንቋችን፣ ከማን እንደሚገለብጡ በምትናገረው የኮንፊገሬሽን መስመር ላይ አንዲት አድራሻ እንዲቀይሩ ማለት ነው። ስምንቱም ቀየሩ።

እስቲ አስቡት። የማንም ፊርማ የለበትም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለበትም። አንድ ሰው ስለጠየቀና ሁሉም ስለሚያምኑት ብቻ ከሥር ሰርቨሮቹ አብዛኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። የሁለቱ ምንጮች ይዘት አንድ ዓይነት ስለነበረ ተጠቃሚው ምንም አላወቀም። ዋሽንግተን ግን አወቀች። የፕሬዚዳንት ክሊንተን አማካሪ የነበሩት አይራ ማጋዚነር ወደነበረበት እንዲመልሰው ነገሩት። ፖስቴል ነገሩ ሙከራ እንደነበረ አስረድቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በዚያው ሳምንት፣ ጥር 30 ቀን፣ የአሜሪካ መንግሥት ስለ ስሞቹ አስተዳደር ያዘጋጀውን ረቂቅ ይፋ አደረገ።

ይህን ድርጊት ሰዎች በሁለት መንገድ ያዩታል። አንዳንዶች መዝገቡ የኢንተርኔቱ ማኅበረሰብ እንጂ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ መንግሥት እንዳልሆነ ያሳየበት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሚልዮኖች መገናኛ የሆነ ነገር በአንድ ሰው ኢሜይል መንቀሳቀሱ አደገኛ ነው ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ሐሳብ ይከብደኛል። ፖስቴል ቅን ሰው ስለነበረ ምንም አልተበላሸም። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቢኖርስ? ደግነቱ ራሱ ፖስቴልም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ያን ዓመት ያሳለፈው ሥራውን የሚረከብ ድርጅት በማቋቋም ነው። ድርጅቱ፣ አይካን፣ መስከረም 30 ቀን 1998 በሕግ ተመሠረተ።

ሕልፈቱ

ፖስቴል የልብ ሕመም ነበረበት። በ1991 የልቡ ቫልቭ ተቀይሮለት ነበር። በ1998 ለዳግም ቀዶ ሕክምና ገባና ከዚያ በኋላ በተከተለ ችግር ጥቅምት 16 ቀን 1998 በሎስ አንጀለስ ዐረፈ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። አይካን ከተመሠረተ ገና 16 ቀኑ። ሥራ ሲጀምር አራት የነበሩት የኔትወርክ ጣቢያዎች እሱ ሲሞት ከ30 ሚሊዮን ለሚበልጡ ማሽኖች ቦታ ለቀዋል።

በማግስቱ የቀድሞ ጓደኛው ቪንተን ሰርፍ የኀዘን ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የወጣው ፖስቴል ዕድሜውን ሙሉ ሲያርማቸው በኖሩት ሰነዶች ተራ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩም አር.ኤፍ.ሲ. 2468 ነው። የኢንተርኔት ማኅበር በ1999 በስሙ ሽልማት አቋቁሞ የመጀመሪያውን ለእሱው መታሰቢያ ሰጠ። በ2006 ጆይስ ሬይኖልድስ ከቦብ ብራደን ጋር ተሸልማለች። በ2007 ደግሞ ኢንተርኔትን በአፍሪካ በማስፋፋት የሚታወቁት ጋናዊው ኒ ኩዌይኖር ተሸልመዋል። የአሜሪካ መንግሥት በመዝገቡ ላይ የነበረው የውል ቁጥጥር ጥቅምት 1 ቀን 2016 አበቃ። በ1998 ጭቅጭቅ ያስነሣው ጉዳይ 18 ዓመት ቆይቶ በስምምነት ተቋጨ ማለት ይቻላል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እንደኔ ፖስቴል አዲስ ማሽን ፈልስፎ አይደለም የሚታወሰው። ሌላው ሰው ሰልችቶት የሚተወውን ሥራ፣ ዝርዝር መያዝን፣ ቁጥር መመዝገብን፣ የሌላውን ጽሑፍ ማረምን፣ ለ28 ዓመት ሳይታክት መሥራቱ ነው ትልቅ ያደረገው። እኛ አገር መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ብዙም አይከበርም፤ ፋይል የጠፋበት ሰው ግን የመዝገብ ቤትን ዋጋ ያውቃል። ሰርቨርም እንደዚያው ነው። የኮንፊገሬሽን ፋይል ማለት የማሽኑ መዝገብ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ከፍቶ እንደሚያነበው እያሰብን ካልጻፍነው ሥራው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚከብደኝ ነው። መዝገብ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ፖስቴል ሲሞት ኢንተርኔት ለአንዲት ሰዓት እንኳን አልቆመም። ያላቆመው ቁጥሮቹ ተጽፈው፣ ደንቦቹ ታትመው፣ ሥራውን የሚያውቁ ባልደረቦች ስለነበሩ ነው። እኛ ላብ ውስጥ ግን አንድ ሲኒየር ሲመረቅ የሰርቨሩ ሚስጥር አብሮት ይመረቃል።

እኔና ጓደኞቼ ከዚያች ሁለት ቀን ካደከመችን መስመር በኋላ አንድ ልማድ ይዘናል። ፋይል ከመንካታችን በፊት የድሮውን ቅጂ እናስቀምጣለን። አዲስ መስመር ስንጽፍ ከላይዋ የመሰላል ምልክት አድርገን ማን እንደጻፋት፣ መቼና ለምን እንደሆነ በአጭሩ እናሰፍራለን። ከዚያም ሌላው ጓደኛችን አይቶ ካላረጋገጠ ሰርቨሩን ዳግም አናስነሣም። ትንሽ ነገር ናት። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባች ግን ያችን ፋይል ሲከፍት ሁለት ቀን አይደክምም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።